ጣቶቹ ብቻ የሚያውቁት ቃል

በሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ከሰው ኃይል ክፍል ሌላ ጥቂቶች ነበሩ። ለቀረው ሰው ሁሉ «አባ ቀስቅስ» ነው። ስሙን ያወጣችለት የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ ቀልደኛ ሴት። አንድ ቀን የኮምፒውተሯ ገጽ ነጭ ሆኖ ሲቀርባት፣ «ያ እንቅልፋም ደግሞ ተኛ! እባካችሁ አባ ቀስቅስን ጥሩልኝ» አለች። የሰሙት ሳቁ። ስሙም ከሕፃናት ክፍል ወደ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያም ወደ ካርድ ክፍል ተሻገረና በዚያው ጸና።

እንቅልፋሙ ሰርቨሩ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ከመመርመሪያ መሣሪያዎቹ ወጥቶ ሐኪሞቹ ዘንድ የሚደርሰው በአንድ ፕሮግራም በኩል ነበር፤ ያ ፕሮግራም ደግሞ የሚኖረው ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በተቀመጠው ሰርቨር ላይ ነው። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ አይነሣም። መረጃው የተቀመጠበት ማሽን የቱ ነው? የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው? የላቦራቶሪው መሣሪያ አድራሻስ? የምነሣው ለሙከራ ነው ወይስ ለእውነተኛ ሥራ? ይላል። መልሶቹ በፕሮግራሙ ውስጥ አልተጻፉም። ከመነሣቱ በፊት፣ ሰርቨሩ ላይ አንድ በአንድ የሚነገሩት ነገሮች ናቸው። የሙያው ሰዎች «ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል» ይሏቸዋል፤ አባ ቀስቅስ ግን «ቁርሱ» ነበር የሚላቸው። «ቁርሱን ሳይበላ ሥራ አይገባም» ይላል እየሳቀ። አንዴ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ቢጮኹበት አይሰማም፤ ሲነሣ የሰማውን ይዞ ነው የሚውለው። ከቁርሱ አንዲት ፊደል ከጎደለች ወይም ከተሳሳተች፣ ገና ብድግ እንዳለ መልሶ ድፍት ይላል።

አባ ቀስቅስ ይህን ቁርስ የትም አልጻፈውም። ሁሉም በጭንቅላቱ ነበር፤ ሰርቨሩ በተኛ ቁጥር ወርዶ፣ ወንበሩን ስቦ፣ ተራ በተራ በእጁ ይጽፈውና ፕሮግራሙን ያስነሣዋል። ሲጀምረው ክፋት አልነበረበትም። ከእሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ከፕሮግራሙ ጋር አዳብሎ ጽፎት፣ ያ ጽሑፍ በማያገባቸው ሰዎች እጅ ሲዞር ከርሞ፣ ነገሩ ሲደረስበት ሰውየው በሐፍረት ነበር ከሥራ የወጣው። አባ ቀስቅስ ያን አይቶ ፈራ። «የማይጻፍ ነገር አይሰረቅም» ብሎ ሁሉንም በቃሉ ያዘው። ፍርሃቱ ከጊዜ በኋላ ለቀቀው፤ ልማዱ ግን አለቀቀውም። እውነቱን ለመናገር ጣፍጦት ነበር። ዋና ሐኪሙ ራሳቸው ደረጃውን ወርደው «አደራህን» ሲሉት፣ ፕሮግራሙም ተነሥቶ ፎቅ ላይ ያሉት ነርሶች «ተነሣ! ተነሣ!» ሲባባሉ በደረጃው በኩል ሲሰማ፣ ደረቱ ሞቅ ይለው ነበር።

ባለቤቱ ሰርቨሩን «ጣውንቴ» ትለዋለች። ስልኩ ገበታ ላይ ሲጮህ፣ «በል ተነሥ፣ ጣውንቴ ፈለገችህ» ትለውና ሳህኑን ትከድንለታለች። መጀመሪያ ላይ እየሳቀች ነበር። በኋላ በኋላ ሳትስቅ ትከድነው ጀመር።

ምክትል ሆና የተመደበችለት ሴት ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ፣ ቀጥ ያለች ሰው ነበረች። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ነገሩን አነሣችበት።

«ጋሼ፣ ይኼን ነገር አንድ ፋይል ላይ እናስቀምጠው እንጂ» አለችው። «ከፕሮግራሙ ለየት አድርገን፣ ከእኔና ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይከፍተው እንቆልፈዋለን። ማሽኑ ሲበራ ፕሮግራሙ ራሱ አንብቦት ይነሣል። መብራት ሄደ መጣ ብለን አንጨነቅም።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አላት።

«እንግዲያው ነገ እንሥራው?»

«ነገ እንኳ አይመችም። እናየዋለን።»

ነገ ሌላ ነገ ወለደ። በየጊዜው ታስታውሰዋለች፤ እሱም በየጊዜው «እኔ የት እሄድብሻለሁ?» እያለ በቀልድ ያልፈዋል። አንዴ ብቻ ኮስተር ብላ፣ «ጋሼ፣ ሰው እኮ ነዎት» አለችው። ያን ቀን ተቀይሟት እስከ ምሳ አላናገራትም።

አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሱ ካለበት ከተማ የግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ በዋናው መንገድ ዳር በነበረች ሱቃቸው ውስጥ ሲሰፉ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ነው የተቀመጡት። አባ ቀስቅስ ልጅ ሳለ ከስፌት ማሽኑ ሥር ተቀምጦ የጨርቅ ቁርጥራጭ እየለቀመ ነው ያደገው። ሲጎረምስ ግን ጨርቅ አላጓጓውም፤ ኮምፒውተር ልማር አለ። አባቱ አልተቃወሙም። «የሚበጅህን አንተ ታውቃለህ» ብለው ብቻ አዲስ ሱሪ ሰፍተው ሸኙት። ቅር ይበላቸው አይበላቸው አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩትም። ሆስፒታል መቀጠሩን የሰሙ ቀን ግን ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ለሠፈሩ ሁሉ «ልጄ ሆስፒታል ነው» ብለው አወሩ። ጎረቤቱ ሐኪም መሰለው። ሊጠይቃቸው በሄደ ቁጥር አንዱ ጉልበቱን፣ አንዷ ጆሮዋን ይዛ ትመጣበታለች። «እኔ እኮ የማክመው ማሽን ነው» ቢል ማን ይስማው። አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ይውጣሉ።

መሄዱ ግን እያደር ቀነሰ። ሰርቨሩ ይተኛ ይሆናል፤ ማን ያስነሣዋል? በዚህ ሰበብ የበዓል ጉዞ ይቀራል፣ የታላቅ እህቱ ልጅ ሰርግ ላይ ከምሳ በኋላ ብድግ ብሎ ይመለሳል። አባታቸውን የያዘችው ያቺ እህቱ ናት። ብዙ የማትናገር፣ የተናገረችውን ግን የማትመልስ ሴት ናት።

እና አንድ ሰኞ ጠዋት ደወለች።

«አባባ ደክሟል። ዘንድሮ እንደ አምናው አይደለም። ና።»

«ምነው እትዬ፣ ሐኪም ምን አለ?»

«ና ነው የምልህ።»

ለእረፍት ሲፈርም ምክትሏ አጠገቡ ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎት» አለች፤ ቀጥላም እየፈራች፣ «ከመሄድዎ በፊት ያቺን ነገር ብንጽፋት?»

ቦርሳውን ይዟል። አውቶቡሱ ሊያመልጠው ነው። ቢሆንም ጊዜ አጥቶ አልነበረም፤ በኋላ ደጋግሞ ሲያስበው፣ ቁጭ ብሎ ቢነግራት የሚቀጥለው አውቶቡስ ነበረለት። «ሰሞኑን መብራቱ ደህና ነው። ቶሎ እመለሳለሁ» አላት። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ሲተወው አየችና ገረማት። ሆን ብሎ ነበር የተወው። አባቴ ፊት ማሽን አልከፍትም ብሎ ለራሱ ቃል ገብቷል፤ እናም በዚህ ኩራት ቢጤ ተሰምቶታል።

አባቱን ሲያያቸው ደነገጠ። አልጋው ሰፍቷቸዋል። አእምሯቸው ግን ቁልጭ ያለ ነበር፤ ገና ሲገባ ከላይ እስከ ታች አዩትና «ይኼን ኮት ማን ሰፋው? ትከሻው ወድቋል» አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ጺማቸውን ላጫቸው። እህቱ ሞቅ ያለ ውኃ በሳፋ አቀረበች፤ እሱ ጉንጫቸውን በጣቱ እየወጠረ ቀስ ብሎ ላጨ። በሕይወቱ የአባቱን ፊት እንዲህ ቀርቦ አይቶት አያውቅም። አገጫቸው ሥር የማያውቀው ትንሽ ጠባሳ አገኘ። «ይኼ ምንድን ነው አባባ?» ቢላቸው፣ «እሱማ ረጅም ወሬ ነው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው፣ «ልጄ፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ። አሁን ደክሞኛል፤ ከምሳ በኋላ እናወራለን» አሉት።

«እሺ አባባ። የትም አልሄድም።»

ሳፋውን ይዞ ወጣ፤ ውኃውን ደፋና ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ደፍቶ አስቀመጠው።

ከምሳ በኋላ አባቱ አሸለቡ። እሱ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ትንፋሻቸውን እያዳመጠ ሳለ ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ ምክትሏ ናት። ቤት ውስጥ ድምፅ ስለሚቆራረጥ ወደ ግቢው ወጣ። ስልክ በደንብ የሚሰማው ቧንቧው ጋ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ዘገየ፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ በራ። ፕሮግራሙ አልነሣም።»

«ቆይ፣ አትደናገጪ። ጻፊ» አላት። ድምፁ ውስጥ ያቺ የድሮዋ ሞቅታ ነበረች፤ እሱም ታውቆታል።

የመጀመሪያዎቹን ነገራት። መረጃው ያለበትን ማሽን አድራሻ ነገራት። የይለፍ ቃሉ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። አፉ አያውቀውም። ስንት ጊዜ የጻፈው ቃል፣ ጥላውን ያህል አብሮት የኖረ ቃል፣ ሲጠራው የለም። ረጅም፣ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ ትርጉም የሌለው ነገር ነው፤ የሚያውቁት ጣቶቹ ናቸው እንጂ ምላሱ አይደለም። ዙሪያውን አየ። የተደፋው ሳፋ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ያዘና፣ ኪቦርድ ፊቱ እንዳለ አድርጎ በሁለት እጁ የሳፋውን ቂጥ ይመታ ጀመር። ጣቱ ያረፈበትን እያየ ፊደሉን ይጠራል።

«ትልቁ ነው ትንሹ ጋሼ?»

«ትልቁ። የለም፣ ቆይ።» እንደገና መታ። «ትንሹ።»

ሳፋው ከበሮ ሆነ። ምክትሏ ጻፈች፤ ፕሮግራሙን አስነሣች፤ ተነሥቶ ወደቀ። ዜሮውን እንደ «ኦ» ፊደል ጽፋው ኖሯል። አረመችው፤ አሁንም ወደቀ።

እህቱ በሩ ላይ ብቅ አለች። «አባባ ነቅቷል፤ ይጠራሃል።»

ጣቱን ቀሰረላት። «መጣሁ፣ አንዴ።»

«ጋሼ፣ መረጃው ያለበትን ማሽን ላገኘው አልቻልኩም ነው የሚለው» አለች ምክትሏ።

«እንዴት አያገኘውም? አድራሻውን ደግመሽ ንገሪኝ።» ነገረችው፤ እሱ የሰጣት ነው። ልክ ነው። ልክ ከሆነ ለምን ወደቀ? ግንባሩን ላብ አጠመቀው። እንደገና ከመጀመሪያው፣ አንድ በአንድ፣ ሳፋውን እየመታ።

እህቱ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች። በዚህ ጊዜ አጠገቡ ድረስ መጣች። «አንተ፣ አባባ ይጠራሃል እኮ ነው የምልህ።»

«እትዬ፣ ሆስፒታል ነው! በሽተኞች እየጠበቁ ነው! አሁን መጣሁ አልኩሽ!»

ጮኾባት ነበር። አየችው፤ ሳፋውንም አየችው። ተመልሳ ገባች።

ያኔ ነው ትዝ ያለው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት መረጃውን ወደ አዲስ ማሽን አዛውሯል። ለማንም አልነገረም። ጣቶቹ አዲሱን አድራሻ ተምረዋል፣ አፉ ግን አሁንም አሮጌውን ነበር የሚጠራው። «ቆይ፣ አገኘሁት!» ብሎ አዲሱን ነገራት። በስልኩ ውስጥ የኪቦርዱ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የምክትሏ ደስታ።

«ተነሣ! ጋሼ፣ ተነሣ!»

ፈገግ አለ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ነው የእህቱ ጩኸት ከውስጥ የመጣው።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል እህቱ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

«ሁለቴ ጠራህ» አለችው። «በመጀመሪያ ‹ልጁ የት አለ?› አለኝ። ስልክ ላይ ነው አልኩት። ሁለተኛ ጠራህ። ወጥቼ መጣሁ፤ አንተ ሳፋ ትደበድባለህ። ተመልሼ ምን ልበለው? ‹እየመጣ ነው› አልኩት። እሱ ግን ጩኸትህን ሰምቶት ነበር። ‹ተይው፣ ሥራ ላይ ነው› አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

«ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ላንቺ አልነገረሽም?»

«ለኔ ቢሆን ለኔ ይነግረኝ ነበር።»

ወደ ሥራ ሲመለስ ሠራተኛው ሁሉ አጽናናው። ምክትሏ ግን ከሁሉም በኋላ፣ ሰው ሲወጣ ነው የገባችው። ዓይኗ ቀልቷል። ነገሩን ከአንድ ዘመዱ ሰምታ ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አለችው። «አባቴ ይጠራኛል ቢሉኝ ኖሮ ስልኩን እኔው እዘጋው ነበር እኮ።»

«በሽተኞቹስ?»

«የላቦራቶሪ ሠራተኞቹ ውጤቱን በወረቀት እየጻፉ በእጃቸው ያደርሱ ነበር። ደክሟቸዋል፣ ተነጫንጨዋል፤ ግን አንድም የተጎዳ ሰው አልነበረም። ማታ ድረስ እንጠብቅዎት ነበር። እስከ ነገም እንጠብቅ ነበር።»

አባ ቀስቅስ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ይህን አልጠበቀም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ራሱን የሚያጽናናበት አንድ ነገር ነበረው፦ የሰው ነፍስ በእጄ ነበረች፣ ምርጫ አልነበረኝም የሚል። አልጠየቃትም ነበር። «መጠበቅ ይችላል ወይ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ናት፤ እሷን አልጠየቀም። ያለ እሱ የሚሆን ነገር አለ ብሎ አላሰበም። ልክ እንደዚያ እንዳያስብ ነው ዘመኑን ሁሉ ሲሠራ የኖረው።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አላት። «ነይ፣ ወንበር ሳቢ። እንጻፈው።»

አብረው ወረዱ። እሱ እየጻፈ እሷ እያየች፣ ቁርሱን ሁሉ አንድ ፋይል ላይ አሰፈሩት፤ እያንዳንዱ ለምን እንደሆነ ከጎኑ አስቀመጡ፤ ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ቆለፉት። ያንን ረጅም የይለፍ ቃልም በአዲስ ቀየሩት። ከዚያ ምክትሏ ማሽኑን አጠፋችና አበራችው። አባ ቀስቅስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ መብራቶቹ ብልጭ አሉ፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን አነበበ፣ ተነሣ። ማንም አልነካውም። ለምሳ ሰዓት ገና ነበር። ያን ሁሉ ዓመት «እናየዋለን» ሲለው የኖረው ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አልሆነም። ያን ቀን ካዘነበት ነገር ሁሉ ይኼ ነበር ውስጡን የበላው፤ ከባድ ነገር ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ምክንያት ይሆነው ነበር።

ከዚያ ወዲህ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ነርሶቹ እንኳ አያውቁትም። አዲስ የተቀጠሩት በስሙ ነው የሚጠሩት። ያቺ ቀልደኛ ነርስ ብቻ ደረጃው ላይ ስታገኘው «አባ ቀስቅስ፣ ሥራ ፈታህ አይደል?» ትለዋለች። «ፈታሁ» ይላታል። ስልኩ ዝም ማለቱን ባለቤቱም አስተዋለች፤ ግን ስለ ጣውንቷ ዳግመኛ አልቀለደችም።

ወደ እህቱ ቤት ይመላለስ ጀመር። መጀመሪያ ላይ በሩን ከፍታለት ወደ ጓዳ ትገባና አትወጣም። እሱም ሳሎን ብቻውን ተቀምጦ ይመለሳል። ከወራት በኋላ አንድ ቀን አብራው ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ምን ሊለኝ ይሆን የፈለገው?» አላት። ይህን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ ያልነጋበት ቀን አልነበረም። ሱቁን ስላልወረሰ አባቱን ቅር ብሏቸው ይሆን? ስለ አገጫቸው ጠባሳ ይሆን? ምርቃት ይሆን?

እህቱ ብዙ አሰበች። «እኔ እንጃ» አለች። «አንዳንዴ ትልቅ ነገር ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ኮትህን ሊያስተካክልልህ ፈልጎ ይሆናል እላለሁ። አብሬው ስኖር ‹የምነግርሽ አለኝ› ብሎ ጠርቶኝ፣ ስመጣ መስኮቱን ዝጊው የሚለኝ ጊዜ ነበር።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ።

«ይቅር በይኝ» አላት።

«ጮኸህብኝ ስለነበር ነው?»

«ስለ ሁሉም።»

«ስለ ጩኸቱስ ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ሌላው የኔ አይደለም፤ ይቅር የምለው እኔ አይደለሁም።» ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲሁ እውነቱን መናገሯ ነው። ብድግ ብላም፣ «አሸንዳው በቅጠል ሞልቷል፤ ከመጣህ አይቀር ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ውጣና ጥረግልኝ» አለችው።

መሰላሉን ጣራው ላይ አስደገፈ። እሷ ከሥር በሁለት እጇ ይዛ፣ «ቀስ በል፣ ግራውን እግርህን አጥብቅ፣ አይ አንተ» እያለች ትቆጣዋለች። እሱም የበሰበሰውን ቅጠል በጭብጡ እያወጣ ወደ ግቢው ይጥላል።